ጎሊና የማትወርደው ለምንድን ነው?

ቆቦ፣ ጥቅምት 2010 ዓ.ም.

ለልጄ አባት፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህ፣ ወገብህ፣ እጅ እግርህ ሁሉ ሰላም ነው? የጂዳው ሙቀትስ ትንሽ በረደላችሁ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅህ ሰልዋ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ በሩን ሊደርስበት ነው፣ ምላሷማ ከደረሰበት ቆይቷል። ጎርፉ ዘንድሮ ልክ አውቆ ስለመጣ ማሽላው አምሯል፤ ወፍ ካልፈጀው በቀር የሚያሳስብ ነገር የለም። የጎብዬዎቹ ወላጆቼም ሰላም ብለውሃል። ሰላምታዬን በወጉ ካደረስኩ እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ፣ ነገሬ ብዙ ነውና።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለጋት እንደምትል አውቃለሁ። ስልክህን አላምነውም። የእኔን ቃል ከአንተ በፊት ሌላ ዓይን የሚያየው፣ ሌላ ጆሮ የሚሰማው ይመስለኛል። የሰፈራችን ልጅ አራጌ ቪዛው ደርሶለት ወደ እናንተ ሊበር ስለሆነ በእሱ እልከዋለሁ። ፖስታውን በሙጫ አሽጌ፣ በላዩ በክር ሰፍቼ ነው የምሰጠው። ተከፍቶ ከደረሰህ አራጌን ጠይቀው።

ከጌሙ ልጀምር፤ ጥርጣሬዬም የጀመረው ከዚያው ነው። ይህን ስልክ ከነጌሙ ሰው አስይዘህ ስትልክልኝ የሥራ ፈት ነገር ነው ብዬ ስቄብህ ነበር። አንተ ግን አንዴ ከያዝክ አትለቅም። በየጁምዓው ከሰላት በኋላ፣ እኔ ሱቄ ውስጥ በርበሬና ሳሙና መሃል ተቀምጬ፣ ድምፅህን እየላክህ አስተማርከኝ። ስልኩን አግድም ያዢው አልከኝ፤ በግራ አውራ ጣትሽ መሪውን፣ በቀኝ አውራ ጣትሽ እሳቱን። እሳት የሚተፋ ነገር በጀርባዋ የተሸከመች ሴትዮ ሰጠኸኝ፤ ከሰማይ ሰማይ አብረን ዞርን። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ ባሏን ጨረቃ ላይ ሄዳ ብታገኘው ምን ነውር አለው ብዬ እኔም ለመድኩት።

ምድር ሁሉ እኩል አይስብም ያልከኝ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ስበት ማለት ምድር ቀሚስሽን ይዛ ቁጭ በይ ስትልሽ ነው፤ አንዷ በሁለት ጣት ትይዝሻለች፣ ሌላዋ በሙሉ ክንዷ ነው አልከኝ። ትምህርት ቤት ሳለሁ እንዲህ የሚያስረዳኝ ቢኖር ስምንተኛን አልወድቅም ነበር።

ስም ያወጣንላቸውም አብረን ነው። ቀላሏን ምድር ሰርግ ቤት አልናት፤ ጭፈራ የሞቀ ቀን ጉልበት እንደማይሰማው፣ እዚያም አንዴ ረግጠህ ከተነሳህ ገደሉን ተሻግረህ፣ አገሩን ከላይ አይተህ ነው የምትወርደው። እኔ ሰርግ ቤት ላይ ዘልዬ፣ ስልኩን አስቀምጬ፣ ለደንበኛ በርበሬ መዝኜ ስመለስ ሴትዮዬ ገና አየር ላይ ናት። ከባዷን ደግሞ አንተ ጎሊና አልካት፤ ከጎርፍ በኋላ የኛን የጎሊናን ወንዝ ስንሻገር አሸዋው እግራችንን እንዴት ጨምድዶ እንደሚይዝ አስታውሰህ ነው። ጎሊና ላይ ዝላይ የሚባል ነገር የለም። የወረወርከው ድንጋይ እግርህ ሥር ይወድቃል፣ የተሸከምከው ሁሉ እጥፍ ይሆንብሃል፣ ነዳጁም ዓይንህ እያየ ያልቃል። መንኮራኩሯን ለማሳረፍ አንደኛው አውራ ጣት እሳቱን፣ ሌላኛው መሪውን ይዘው ሁለቱም እኩል መሥራት አለባቸው። አንዱ ለአፍታ ከለቀቀ ተከስክሰህ እንደገና ከሀ ትጀምራለህ።

እኔን ስንቴ ከስክሳኛለች። አንተ ግን የጎሊና ጌታ ነበርክ። እንደ ላባ አሳርፈሃት፣ የራያ ልጅ እንዲህ ነው እያልክ ትኩራራብኝ ነበር። ቤታችንንም የጀመርነው ያን ጊዜ ነው፤ ስበቷ ከኛ አገር የሚቀራረብ አንዲት ምድር መርጠህ ግድግዳውን አብረን አቆምን። ለጣራው የሚሆነው ብረት ጎሊና ላይ ብቻ የሚገኝ ሆነ። እሱን ለእኔ ተይው አልከኝ። ተውኩልህ።

ከረመዳን ወዲህ ግን ጎሊና መውረድ ተውክ።

ረመዳን ሊገባ ሲል ድምፅህ ጠፋ። ስትመለስ ስልኬ ውኃ ገብቶበት ነው አልከኝ፤ አመንኩህ። ጁምዓ መጣ፤ ጎሊና እንውረድ፣ ቤታችን ጣራ የለውም ብልህ፣ ጎሊና ይሰለቻል፣ ሰርግ ቤት እንሂድ አልከኝ። በሚቀጥለውም ጁምዓ ያው ነው። ጎሊና የሰለቸህ ከመቼ ወዲህ ነው? ሰው የሚመካበት ነገር ይሰለቸዋል?

ሰርግ ቤት ላይም ቢሆን አካሄድህን አይቻለሁ። ድሮ እየዞርክ ነበር የምትዘለው። አሁን መጀመሪያ ትዘላለህ፣ አየር ላይ ተንሳፍፈህ ትቆያለህ፣ ከዚያ ነው ቀስ ብለህ የምትዞረው። ይህ ያንተ አጨዋወት አይደለም፣ የጀማሪ ነው። እኔ ራሴ ስማር እንዲህ ነበር የማደርገው። ስልክህን ሌላ ሰው ይዞታል አልኩ። አንዲት ሴት ጎንህ አስቀምጠህ፣ ለእኔ እንዳስተማርከኝ ጣቷን እየመራህ፣ እኔን ግን አንተ ነህ ብዬ ከእሷ ጋር እንድዘል እያደረግከኝ እንደሆነ ጠረጠርኩ። ይህን ሳስብ ምን ያህል እንደተቃጠልኩ አላህ ያውቃል። ጠርጥር፣ ከገንፎ መሃል አለ ስንጥር ይላሉ የኛ ሰዎች፤ እኔም ገንፎውን ማማሰል ጀመርኩ።

መጻፍ ተውክ። ድሮ ቀኑን ሙሉ የማይረባ ነገር ስትጽፍልኝ የምትውል ሰው፣ አሁን ድምፅ ብቻ ትልካለህ፤ ድምፄን እንድትሰሚ ብዬ ነው ትለኛለህ። ሥራም ቀየርክ። ብረት መቁረጡን ትቼ የአንድ ግቢ ዘበኛ ሆኛለሁ፣ ቀላል ሥራ ነው አልከኝ። የማን ግቢ ነው? በግቢው ማን አለ? ስጠይቅህ ሳል ይይዝሃል።

ለዒድ የላክኸውን ፎቶ አተኩሬ ያየሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ አልነግርህም፣ ያሳፍራል። ሸሚዝህ አምሮብሃል፣ ፊትህ ግን ከስቷል። ፎቶው በግራ ትከሻህ በኩል ተቆርጧል። በቀኝህ በኩል ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ የውኃ በርሜሉ ሳይቀር ይታያል፤ በግራህ በኩል ግን ትከሻህ ላይ ሲደርስ ያበቃል። እዚያ ማን ቆሞ ነበር? ማንን ቆርጠህ ነው የላክህልኝ?

ጎረቤታችን ሲቲን አሳየኋት። አንዴ አይታው፣ ወንድ ልጅ ባሕር ተሻግሮ ብቻውን አያድርም ብላ ስልኩን መለሰችልኝ። ሲቲን ታውቃታለህ፣ አፏ ሚጥሚጣ ነው፤ እኔም ያንን ቀን ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ገባሁ።

ከሁሉም የባሰው ድምፁ ነው። ባለፈው ስለ ማሽላው የጠየቅኸኝን መልእክት ልትጨርስ ስትል፣ ከኋላህ አንዲት ሴት ተሰማች። ተወው፣ የእጅጌህን ቁልፍ እኔ ልቆልፍልህ አለችህ። አነጋገሯ የሐበሻ ነው፣ እንዲያውም የኛ አገር ሰው ሳትሆን አትቀርም። እኔ ሰባት ዓመት ስኖርልህ አንድ ቀን ቁልፍ ቆልፌልህ አላውቅም፤ ልቆልፍልህ ብልም ልጅ ነኝ እንዴ ብለህ ትስቅ ነበር። ለእሷ ክንድህን ዘርግተህ መቆምህን በዓይነ ልቡናዬ አየሁት።

ወንድምህን ኢብሮን ያዝኩት። አዲስ የተወለደችውን ልጁን ልጠይቅ ሄጄ፣ በር ላይ አቁሜ፣ ወንድምህ ሌላ አግብቷል ወይ አልኩት። ወላሂ አላገባም፣ ብታውቂ ኖሮ ብሎ ጀመረና አቋረጠው። ባውቅ ምን? ብለው፣ ሰላም ነው፣ ሰላም ነው እያለ ቤት ገባ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። በግማሽ የሚያቋርጡት መሐላ ከውሸት ይብሳል። እናንተ ወንድማማቾች አንድ ነገር ይዛችኋል።

እንግዲህ የወሰንኩትን ልንገርህ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እኔ ግን ጠርጥሬ ተዘጋጅቻለሁ። ሰልዋን ይዤ ጎብዬ እናቴ ቤት ልገባ ነው። ያጋቡንን ሽማግሌዎች ላስቀምጥ ለአንዳቸው ነግሬያለሁ፤ የማሽላው አጨዳ ሲያልቅ ይቀመጣሉ። ካገባህ አግብቻለሁ በለኝ። ሸሪዓው አይከለክልህም። ጣውንቴን በስሟ ጠርቼ ሰላም ማለትም አያቅተኝም ይሆናል፤ በስልክ ውስጥ አንተን መስላ ከእኔ ጋር ስትዘል መኖሯን ግን አልችለውም። ለሽማግሌዎቹ የምነግራቸው ሌላ ማስረጃ የለኝም፣ ጌም ነው ብላቸው ይስቁብኛል። ስለዚህ አንተው ራስህ መልስልኝ። ጎሊና የማትወርደው ለምንድን ነው?

~

ከዚህ በላይ ያለውን ጽፌ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። አራጌ ጉዞው ስለዘገየበት ወረቀቱም አብሮት ዘገየ። አሁን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ልቀደው አሰብኩና ተውኩት፤ የጠረጠርኩትን ሁሉ እንዳለ እንድታየው ይሁን። ግማሹ ያስቅሃል። ግማሹን ሳነበው ግን እኔንም አስለቀሰኝ።

የሆነውን ልንገርህ። የኢብሮ ሚስት ገበያ ወጥታ ሕፃኗን እኔ ጋ ተወቻት። ደህና ስታስቸግር ቆይታ በግራ ክንዴ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ባንቀሳቅሳት እንደምትነቃ ስለማውቅ ክንዴን ድንጋይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሰልዋ ከትምህርት ቤት መጣችና ጌም እንጫወት አለችኝ። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ በቀኝ እጄ ብቻ ከፈትኩት። እማ ጎሊና እንውረድ፣ የቤታችን ጣራ ይሠራ አለችኝ።

ኧረ ጎሊና ይሰለቻል፣ ሰርግ ቤት እንሂድ አልኳት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ሰማሁት። ያንተ ቃል ነው፣ አንድም ፊደል ሳይለወጥ። ሰልዋ እንኳን፣ አባባን መሰልሽ አለችኝ። ሰርግ ቤት ገባን፤ በቀኝ አውራ ጣቴ ዘለልኩ፣ አየር ላይ ተንሳፍፌ ቆየሁ፣ ምድሯ ስለማትጣደፍ ያንኑ ጣቴን ወደ ግራ ወስጄ መሪውን ያዝኩና ቀስ ብዬ ዞርኩ። እሷ ትጠብቃለች፣ ጎሊና ግን አትጠብቅም። ሴትዮዬ ስትወርድ አካሄዷን አየሁት። የጀማሪ አካሄድ አልነበረም። ያንተው ነው።

ጌሙን ዘጋሁት። ሕፃኗ እስክትነቃ ፎቶህን ሳይ ቆየሁ። ከፎቶው የቆረጥከው ሴት ሳይሆን ባዶ የቀረ ግራ እጅጌህን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ማታ እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ እኔው ይዣት ኢብሮ ቤት ሄድኩ። ምንም አልጠየቅኩትም። አሁንም ያመዋል ወይ ብቻ ነው ያልኩት። ኢብሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፣ አሁን ድኗል አለኝ። ከዚያ በላይ አላወራንም። ቃሉን አላጠፈም፣ አትቆጣው።

አንተን ግን ተቆጥቻለሁ፣ አልዋሽህም። ስልክ ውኃ ገባበት ብለህ ያን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ተኝተህ ስትሰቃይ፣ እኔ እዚህ ስለ ወፍና ስለ ማሽላ ሳወራ መክረሜ ያንገበግበኛል። ሌላ ሴት አለችው ብዬ ስቃጠል ብታውቅም ዝም ትለኝ ነበር መሰለኝ። እኔን ምን አድርገህ ነው ያየኸኝ? ያገባሁት ብረት ቆራጭ ነው እንዴ? አጫውተኝ ብዬ እንጂ ጎሊና ላይ አሳርፈኝ ብዬ አላገባሁህም። ይህን ከተቀበልክ ሌላውን ሁሉ ትቼልሃለሁ።

ያቺን ሴት፣ ማንም ትሁን የማንም ሚስት ትሁን፣ አመስግንልኝ። የእጅጌህን ቁልፍ ስለቆለፈችልህ አላህ ይስጣት፣ እጇ ይባረክ። እኔ በሐሳቤ ስንት ነገር ብያታለሁ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው በእሷ ደርሷል። ዓውፍ እንድትለኝ ንገራት።

ጎብዬ መሄዱን ትቼዋለሁ። ሽማግሌውንም አጨዳው ሲያልቅ እንዲሁ ለቡና ኑ ብዬዋለሁ፤ ግራ ቢገባውም አልጠየቀኝም። ለሲቲ ምንም አልነገርኳትም። ስለፎቶው እንደገና ስታነሳብኝ ባሌ ከስቷል እንጂ ሌላ ነገር የለውም ብያት ወደ በርበሬዬ ዞርኩ።

አሁን ደግሞ የምሥራች አለኝ። ጎሊና ወረድን። እኔና ልጅህ ነን። ያን ሌሊት ሳስበው አድሬ፣ በነጋታው ሰልዋን ጎኔ አስቀምጬ፣ ስልኩን በመሃላችን አድርገን ያዝነው። እሷ በግራ እጇ መሪውን፣ እኔ በቀኝ እጄ እሳቱን። መጀመሪያ ተከሰከስን። ቀጥሎም ተከሰከስን፤ ወደ ግራ ስላት ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ ልቀቂ ስላት እኔ እለቃለሁ። በኋላ መነጋገሩን ተውነው። ትከሻዋ ትከሻዬን ሲነካኝ መቼ እንደምትዞር አወቅሁ፣ እሷም የእኔን አወቀች። እንደ ላባ አላረፍንም፤ እንደ ማዳበሪያ ከረጢት ዷ ብለን ነው። ግን አረፍን። ብረቱን ጭነን ወጣን፤ ከባድ ስለነበር ግማሹን እዚያው ጥለን ነዳጃችን ሊያልቅ ሲል ነው ያመለጥነው። ጣራው ተመትቷል። ገብተህ እየው፣ በሩን ክፍት ትተነዋል።

ስለዚህ ስትመጣ ጎሊና ይሰለቻል የሚል ወሬ አልሰማም። በአንድ ስልክ ጎን ለጎን ሆነን እንወርዳለን። የምትቀመጠው በግራዬ ነው፣ እኔ በቀኝህ። ማን የቱን እንደሚይዝ አስቤበታለሁ። ና ብቻ። ብረት የማይቆረጥበት ሥራ ቆቦም አለ፤ ሱቁ ለሁለት ሰው አይጠብም። የማሽላ ወፍም በድምፅ ነው የሚባረረው፣ ድምፅህ ደግሞ ሙሉ ነው።

መጀመሪያ ላይ እጅ እግርህ ሰላም ነው ወይ ብዬ የጠየቅኩህ ለወጉ ነበር። አሁን ከልቤ ነው የምጠይቅህ። መልሱን ለመጻፍ አትድከም፣ በድምፅ ላክልኝ።

አላህ ቀሪውን ጤናህን ይጠብቅልህ። የሄድክበትን መንገድ ለመመለሻ ያቅልልህ። ከክፉ አይን፣ ከክፉ ማሽን፣ በባዕድ አገር ብቻን ከመታመም ይሰውርህ። ልጅህን ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ አብረን ለመዳር ያብቃን። አሚን በል።

ያንተው፣ የልጅህ እናት

ከተሰናበትኩህ በኋላ ያስታወስኩት፦ ፖስታውን በሙጫ አሽጌ በክር እሰፋዋለሁ ብዬህ ነበር። አላሸግኩትም፣ አልሰፋሁትምም። አፉን አጥፌ ብቻ ነው የሰጠሁት። አራጌ ካነበበው ያንብበው። ለአንተ በቀላሉ ይከፈትልህ።